ያልታረመው መደብ

አያቴ አረም አይወድም ብል አይበቃም፤ አረም የሰደበው ሰው ነበር የሚመስለው። መንገድ ላይ ስንሄድ ከሰው አጥር ሥር አንዲት ሙጃ ካየ ጎንበስ ብሎ ይነቅላትና ሥሯን ወደ ሰማይ ገልብጦ ድንጋይ ላይ ያሰጣታል። «አፈር ካገኘች መልሳ ትነሣለች፤ ዓይን አውጣ ናት» ይለኛል። እናቴ ከእሱ ጋር ገበያ መሄድ ያቆመችው በዚሁ ምክንያት ነው። የግማሽ ሰዓቱ መንገድ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል፤ እሱ የማያውቀው ሰው ጓሮ ሲያርም እሷ ዳር ቆማ ታፍራለች።

ስምንት ዓመት በሞላኝ ዓመት ይህን ተወ። ሙጃውን ሁሉ አልፎት ይሄዳል። እናቴ ተቆጥታው አደብ የገዛ መስሎኝ አዘንኩለት።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ቤት የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው፤ እኔና እናቴ የምንኖረው ከአያቴ ጋር ነበር። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ከተማ ውስጥ የጎማ ሱቅ አለው። በወር አንዴ ለእኔ ከረሜላ፣ ለእናቴ ምክር ይዞ ይመጣል። በዚያ ዓመት ዝናቡ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው መጣና ከእናቴ ጋር ጓዳ ገቡ። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ትልልቅ ሰዎች ልጅ እጁ ሥራ ከያዘ ጆሮውም ሥራ የያዘ ይመስላቸዋል።

«እስከ መቼ ነው የምትሸፋፍኚለት?» አለ አጎቴ።

«ምን ሸፈንኩ?»

«የአምናውን ማሳ አይቼዋለሁ። አባባ እንደዚያ ያለ ማሳ የሚወጣው ሰው ነው?»

«አምና ዝናቡ ነው እንጂ...»

«ዝናቡን ተይው። ዘንድሮ ይሞክር ብለሻል፣ እሺ፣ ይሞክር። ዘንድሮም በቆሎውን አረም ከበላው ግን መሬቱን ለጎረቤት እንሰጣለን፣ እሱም ከእኔ ጋር ይሄዳል። በዚህ ላይ ሁለተኛ አልነጋገርም።»

እናቴ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማኝ። ሽንኩርቱ እኔ ጋ ነበር፣ እሷ ምን አገኛት ብዬ ገረመኝ።

ከዚያ ሁሉ ወሬ እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አረም ከመጣ አያቴ ይሄዳል። ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አልነበረም። ሰው ሁሉ «አንቺ ልጅ» ሲለኝ «አለቃ» ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው። የምተኛው እሱ ክፍል ነው። ትምህርት ቤት ያዋረዱኝን ሁሉ የምከሰው ለእሱ ነው፣ እሱም ሁሌም ለእኔ ይፈርድልኛል።

የግብርና ባለሙያዋ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነበር። ወጣት ናት፤ በሞተር ሳይክል ትሄዳለች፤ የፕላስቲክ ቦት ጫማዋ ጉልበቷ ድረስ ይደርሳል። ከኪሷ ሜትር ስለማይጠፋ ገበሬዎቹ «ሜትሯ» ይሏታል። መንገድ ዳር ሰብስባቸው ስትመክር እኔ የአያቴን ጋቢ ጫፍ ይዤ ቆሜ እሰማ ነበር።

«በመጀመሪያው ዝናብ ተደስታችሁ እንዳትዘሩ» አለች። «አንድ ክንድ ቆፍራችሁ እዩ። ታች ድረስ ካልራሰ ቡቃያው ወጥቶ ይቃጠልባችኋል። በመስመርና በመስመር መካከል ሰባ አምስት ሴንቲ ሜትር ይሁን። በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ፍሬ ጣሉ፤ ሁለቱም ከበቀሉ ደካማውን ንቀሉና ጠንካራውን አስቀሩ።»

«ልጄ፣ ለበቆሎው ሱፍ ልታሰፊለት ነው እንዴ?» አለ ጎረቤታችን። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ ግን ከቆመችበት ፈቀቅ አላለችም።

«ዋናው አረሙ ነው» አለች። «የመጀመሪያዎቹን አርባ ቀናት እናንተ አሸንፉት። ከዚያ በኋላ በቆሎው በጥላው ራሱ ያሸንፈዋል።»

የአያቴ ማሳ መንገድ ዳር ስለሆነ፣ ስሙም በንጹሕ ማሳ የታወቀ ስለሆነ የገበሬዎቹ መማሪያ በእሱ መሬት ላይ እንዲሆን ጠየቀችው። ግማሹ በእጅ ይታረማል፤ ግማሹ የአረም መድኃኒት ይረጫል። በሁለተኛው ወር ገበሬው ሁሉ መጥቶ አይቶ ይፈርዳል። አያቴ ፊቱ በራ። አጎቴ ሲሰማ «እንግዲያውስ እኔም መጥቼ አያለሁ» አለ።

አዘራሩ ያማረ ነበር። አያቴ ገመድ ወጥሮ ገመዱን በእጁ እየተከተለ ነው የዘራው። ቡቃያው ሲወጣ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። አረሙም አብሮ ወጣ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቅዳሜ ጠዋት በእጅ የሚታረመውን ወገን ከመንገዱ በኩል ጀመርን። አያቴ በጉልበቱ ተንበርክኮ መኮትኮቻውን ይዟል፣ እኔ ከፊቱ ቁጢጥ ብያለሁ። ጨዋታ አለችን። አንድ ቡቃያ በሁለት ጣቱ ይይዝና «አለቃ፣ ይሄስ?» ይለኛል።

«በቆሎ።»

«ጎበዝ። ይሄስ?»

«አረም።»

ከሥሩ ይቆርጠዋል። የበቆሎ ቡቃያና የሣር አረም በዚያ ዕድሜያቸው ወንድማማች ናቸው፤ የአንዱ ቅጠል ትንሽ ሰፋ ይላል እንጂ ልጅን ያሳስታሉ። እኔ ግን አልሳሳትም ነበር። አያቴ ገበሬ ሊያደርገኝ እየፈተነኝ ነው ብዬ ኮራሁ። ሁለት መስመር ሙሉ አንድም አልሳትኩም።

ሦስተኛው መስመር ላይ መፈተኑ ሰለቸኝ። ትምህርት ቤት ፈተና፣ እዚህም ፈተና። ደግሞ ያን ዕለት ጥጋብ ጥጋብ ብሎኛል።

«ይሄስ?» አለኝ። በቆሎ ነበር።

«አረም» አልኩት።

ጣቶቹ ቅጠሉ ላይ ቆዩ። ከሥር እስከ ጫፍ ዳሰሰው።

«አረም ነው?»

«አረም ነው አባባ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አንተ አታየውም እንዴ?» አልኩት ሳቄን ውጬ።

መኮትኮቻውን አነሣና ቆረጠው። ፊቱ ላይ ምንም የለም። አያቴ ቀልድ አዋቂ ነው፤ ሳይስቅ ሰው የሚያስቅ። እንግዲህ ማን ቀድሞ እንደሚስቅ እንተያያለን አልኩ በልቤ። ሙጃውን «በቆሎ» አልኩት፣ በእርጋታ አፈር አስታቀፈው። በቆሎውን «አረም» አልኩት፣ ቆረጠው። ከሁለቱ አንዱ መነቀሉ ላይቀር ምን ቸገረኝ፤ ባለሙያዋ ራሷ ብላለች። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቄን እየዋጥኩ ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትወጣ ድረስ እንደዚያ ቀጠልን። እሱ አልሳቀም። በመጨረሻ የተሸነፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ሲሰለቸኝ ውኃ ላመጣ ብዬ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ዛሬ ምን እንደነበር አውቃለሁ። አያቴ በዚያን ጊዜ ጥላና ብርሃን ብቻ ነበር የሚለየው። እናቴ ኩባያውን ሁልጊዜ አንድ ቦታ የምታስቀምጥለት፣ እሱም ያን ጨዋታ የፈጠረው ለዚሁ ነው። እጁ ደግሞ የሃምሳ ዓመት የገበሬ እጅ ነው፣ የያዘው በቆሎ መሆኑን ነግሮታል። እጁ የነገረውን ትቶ እኔን አመነ።

በማግስቱ ጉልበቱን አመመውና ተኛ። የቀረውን እናቴ ከጎረቤቶች ጋር ሆና አረመችው። ከመንገዱ በኩል ያለውን «እሱን አባባ ጨርሶታል» ብላ አላየችውም።

ያየችው ባለሙያዋ ናት። በሳምንቱ መጥታ ሞተሯን አቆመችና በዚያ በኩል ገባች። ጥቂት ተራመደችና ቁጢጥ አለች። መሬት ላይ የደረቀ ቡቃያ አነሣች፣ አገላበጠችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሌላም አነሣች። መስመሩን ሁሉ እየተከተለች ለቀመችው። ለቢሮዋ ማስረጃ እየሰበሰበችብን ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ከዚያ አያቴ ወደተቀመጠበት ወደ ቤታችን ደጃፍ መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለምታወራ ቁርጥራጩን ነው የሰማሁት።

«...ማንም አያውቅም አባት። ሙጃው ሲያድግ ይሸፍነዋል...»

«ውሸት ነው ልጄ።»

«ውሸት አይደለም። ያልታረመ ማሳ ምን እንደሚሆን ማሳየትም ትምህርት ነው። ማወዳደሪያ ይባላል፣ በሌላ ቦታ እናደርገዋለን።»

አያቴ «ልጆቼ...» አለና ተወው።

«ገበሬው መጥቶ እስኪጎበኝ ድረስ ማንም አይንካው» አለች።

በዚያው ቀን ሦስት ምልክት ተከለች። «በእጅ የታረመ» እና «መድኃኒት የተረጨ» የሚሉት በቆርቆሮ ላይ በቀለም የተጻፉ ናቸው። ሦስተኛውን ከካርቶን ቀደደችና በእስክሪብቶ እያደመቀች «ያልታረመ» ብላ ጻፈችበት። ለእኛ አረም ቆርቆሮ እንኳ ተሰስቶ መሆኑ ገረመኝ። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ቢሮ ኮሪደር ላይ አግኝቻት ስጠይቃት፣ ከቢሮ የተሰጣት ሁለት ምልክት ብቻ ስለነበር ነው አለችኝ። ሦስተኛው መደብ ዕቅድ ውስጥ አልነበረም። ለአያቴ ስትል ዕቅድ ላይ ያልነበረ መደብ ፈጠረች፣ ሥራዋን ሊያሳጣት ይችል ነበር።

ያን ጊዜ ግን ጠላኋት። አረም አይቶ ማለፍ የማይችል የነበረውን አያቴን አረምህን ተቀምጠህ እየው ብላ የፈረደችበት እሷ ናት። ሙጃው እኔን አከለ፣ ከዚያም በለጠኝ። መንገደኛ ሁሉ ይቆማል። ካርቶኑን ማንበብ የሚችል ያነባል፤ የማይችል ያላግጣል።

«ምነው፣ ሽማግሌው ሣር ማርባት ጀመሩ?» ብሎ ጮኾ ያለፈ አለ።

አያቴ ሰምቶ «ትምህርት ነው፣ ለማሳያ ነው» ይላል፣ ሰውየው ሳይሰማው ካለፈ በኋላ። እኔ ደግሞ ቀን እቆጥራለሁ። አጎቴ ሊመጣ ነው። አረም ካየ አያቴን ይወስደዋል፤ አረሙ ደግሞ ከሩቅ የሚታይ ሆኗል።

ለጉብኝቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ቤት አልገባሁም። በቆሎው ስለሚከልለኝ ከቤት የሚያየኝ የለም። ሙጃውን በሁለት እጄ እየጨበጥኩ፣ ተረከዜን መሬት ላይ እየተከልኩ ነቀልኩ። የመጀመሪያው ቀን መዳፌ ተላጠ። በሁለተኛው ቀን በደብተር ልባስ ጠቅልዬ ቀጠልኩ። ሥራቸውን ሁሉ እንዳስተማረኝ ወደ ሰማይ ገልብጬ አሰጣሁ። መሐሉ ላይ በቆሎ አለማግኘቴ አልደነቀኝም። አረሙ በልቶት ነው አልኩ፤ ትልልቆቹ ሁልጊዜ የሚሉት ይህንኑ አይደለም? ያ የቅዳሜ ጨዋታችን በሐሳቤም አልመጣም። ለስምንት ዓመት ልጅ ስድስት ሳምንት የሌላ ሰው ዕድሜ ነው። ሲመሽ ካርቶኑንም ነቅዬ ጣልኩትና አያቴን ከመሄድ ያዳንኩት እኔ ነኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በጉብኝቱ ቀን አርባ የሚሆን ገበሬ መጣ። የቢሮው ኃላፊ ጃንጥላ ይዞ መጣ። አጎቴ ጫማውን አስጠርጎ መጣ። አያቴ የክቱን ኮት ለብሶ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ነበር የመጣው። ባለሙያዋ ቀድማን ደርሳ ሞተሯ ላይ እንደተቀመጠች ነበር። አልወረደችም። የምታየው መሬቱን ነው።

በአንድ በኩል ደረት የደረሰ በቆሎ። በሌላ በኩልም እንደዚያው። መንገዱ ዳር ላይ ደግሞ የተላጨ የሚመስል ባዶ አፈር፣ ዳር ላይ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ብቻ የቀሩ ቀጫጭን በቆሎዎች፣ ፀሐይ ላይ የተሰጣ የሙጃ ክምር።

«ይሄኛውስ ምንድን ነው?» አለ ኃላፊው።

«ይሄ...» አለች ባለሙያዋ። ከሞተሩ ወረደች። «እዚህ ላይ ዘሩ ችግር ነበረበት። እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ የእኔ ስሕተት ነው።»

«ከዚያው ጆንያ አይደል እንዴ እኛም የዘራነው?» አለ ያ ስለ ሱፍ የቀለደው ጎረቤት። «የእኛ ሞልቶ በቅሏል። እዚህ እኮ የተቆረጠ አገዳ ግንድ ይታያል፣ እዩት፣ በመኮትኮቻ የተቆረጠ ነው። ማነው ደህና በቆሎ የቆረጠው?»

ነገሩን በክፋት አልነበረም ያለው፤ ዓይኑ ስላየ ነው። አጎቴ አያቴን አየው። እናቴ መሬት መሬቱን አየች። እኔ ምስጋናዬን እየጠበቅሁ ነበር፣ የተላጠ መዳፌን ለማሳየት ተዘጋጅቼ።

አያቴ እጁን ከትከሻዬ አነሣ።

«ልጅቷን አታስዋሿት» አለ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ዓይኔ አያይም። መድከም ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል።»

ኃላፊው ጃንጥላውን አጠፈው፣ ምን እንደሚያደርግ ስለጠፋው። አያቴ ለማንም ሳይሆን እንዲሁ ፊቱን ወደ ማሳው አዙሮ «ማነው ያረመው?» አለ።

«እኔ ነኝ አባባ። ሁሉንም ነው የነቀልኩት።»

ኮቱን ሰብስቦ ጎንበስ አለና አፈሩን ዳሰሰ። ባዶነቱን በእጁ ሄደበት።

«ጎበዝ» አለኝ። «አንድም አላስቀረሽም።»

አላወቅሁም እኮ። ያን ቀን ያመሰገነኝ መስሎኝ ነበር። ከሰው ሁሉ መሐል ደስ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እሑድ አጎቴ በመኪና መጣ። ለሕክምና ነው ተባልኩ፤ መነጽር አድርጎ ይመለሳል ብዬ በሩ ላይ ቆሜ እጄን አውለበለብኩለት። እጅ ማውለብለብ ለሚያይ ሰው እንደሆነ አላሰብኩም። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም አለ። መሬቱን ጎረቤቱ ያዘው። እናቴ ለብዙ ጊዜ በዚያ መንገድ ሳይሆን በኋላ በኩል ዞራ ነበር ገበያ የምትሄደው።

አያቴ ከጎማ ሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። ጎማ ጎማ የሚሸት ግቢ፣ ሲሚንቶ የፈሰሰበት፣ ሣር የማይበቅልበት። አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ አባቱን ያጥበዋል፣ ያበላዋል፣ ሐኪም ዘንድ ይወስደዋል። አያቴ ግን ቀኑን ሙሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ዝናብ የገባ ሰሞን ስልክ ያስደውልና መሬቱ ምን ያህል እንደራሰ ይጠይቀኛል። እኔም ሳልቆፍር አንድ ክንድ እለዋለሁ።

ነገሩ የገባኝ በአሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ሰው ሳይነግረኝ፣ ክፍል ውስጥ ስለ ሌላ ነገር ትምህርት እየተሰጠ። ያ ቅዳሜ ሙሉውን መጣብኝ። ያን መደብ ባዶ ያስቀረው ዓይኑ አልነበረም፤ ዓይኑን ለእኔ አደራ ሰጥቶኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የተጫወትኩበት። ይህን ለመናገር አምስት ዓመት ፈጀብኝ። እናቴ እንድትጠላኝ ፈራሁ፤ ከዚያ ደግሞ እሱ እንዳይጠላኝ ፈራሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ቆርጬ ተነሣሁ። አውቶቡስ ውስጥ የምለውን ስለማመድ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ የምጸልይ መስሏት ዝም አለችልኝ።

አልጋው ጫፍ ላይ ነበር። ከሳ ብሏል። አጠገቡ ተቀመጥኩና «አባባ፣ የምነግርህ ነገር አለ» አልኩት።

«እኔም አለኝ» አለ። «እኔ ልቅደም፤ ትንፋሼ አጭር ነው።»

«እሺ።»

«ያን ቅዳሜ» አለ፣ «አንቺ ቡቃያውን በትክክል ትነግሪኛለሽ፣ እኔ አንዱን ይዤ ሌላውን ስቆርጥ ነበር። ከዚያ ሰው ሁሉ ፊት አቆምኩሽ፣ በዚያ ልጅነትሽ። ሰው ከእኔ ጋር አንቺንም ታዘበሽ። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ይቅር በይኝ አለቃ።»

አፌን ከፈትኩ። አውቶቡስ ውስጥ የተለማመድኩት ሁሉ እዚያው ጉሮሮዬ ላይ ነበር። እሱ ግን ፊቱን ወደ ድምፄ አዙሮ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መልሴን እየጠበቀ ነበር። ብዙ ዓመት እንደጠበቀ ያስታውቃል። ፈሪ ነኝ። ደግሞም ፊቱ ላይ ያየሁትን ተስፋ ነጥቄ ሌላ ነገር ልሰጠው አልቻልኩም።

«ይቅር ብዬሃለሁ አባባ» አልኩት።

አመሰገነኝ።